ሯጩ ፊደል

ዛሬ ጠዋት ከገበዝ ማርያም የአያ ውበቱ ልጅ ደወለልኝ። «እትዬ፣ አባባ አረፉ። የመቃብሬ ጽሑፍ በሯጩ ፊደል ይሁን ብለው ነበር። ምክንያቱን እርስዎ ያውቁታል አሉ» አለኝ። አዘንሁ። ግን እውነቱን ልናገር፣ የሐዘኔን ያህል ተናደድሁ። ያ ፊደል ዛሬም አልለቀቀኝም ማለት ነው!

በወጣትነቴ ፍኖተ ሰላም ውስጥ በአንዲት ኮምፒውተርና በአንዲት ማተሚያ የጽሕፈት ሱቅ ከፍቼ ነበር። ሯጩ ፊደል ከኮምፒውተሬ የፊደል ዓይነቶች አንዱ ነው፤ ስሙን ያወጣለት የከተማው ሰው ነው። ፊደሉ ወፍራም ነው፣ ጫፉ ላይ ምንም ጌጥ የለውም፣ እንደሚሮጥ ሰው ወደ ቀኝ ያጋድላል። አንድ ሚኒባስ ጎኑ ላይ አጽፎት ከቡሬ ደምበጫ ሲመላለስ ታየ፤ ከዚያ ወዲያ ሌላ ፊደል የሚፈልግ ጠፋ። ፀጉር ቤቱ፣ ወፍጮ ቤቱ፣ የሠርግ ጥሪው፣ ሁሉም በእሱ! ወፍጮ ቤት የት ለመድረስ ነው የሚሮጠው እያልሁ ብቻዬን እበግን ነበር።

መስከረም ላይ አንድ ቀን አያ ውበቱ እግራቸው ጭቃ በጭቃ ሆኖ፣ የተጠበሰ የበቆሎ እሸት ይዘው ገቡ። ሚስታቸው ወይዘሮ ጥሩወርቅ አርፈው ነበርና የመቃብሩ ድንጋይ ለተዝካሩ መድረስ አለበት። እኔ ያተምሁትን ወረቀት ጠራቢው ድንጋዩ ላይ ለጥፎ ይቀርጸዋል። እንደ ብራና ጽሑፍ ቀጥ ያለ፣ ወፍራምና ቀጭን መስመር የሚፈራረቅበት ፊደል መርጬ አሳየኋቸው።

«ይህ ቁሟል» አሉ። «ሯጩን ጻፊልኝ።»

«አያ ውበቱ፣ እሱ እኮ የሚኒባስ ፊደል ነው! ሰው ምን ይላል?»

«ይበል።»

በሩ ሥር ቁጭ ብለው በቆሏቸውን መፈልፈል ጀመሩ። ደንበኛ ሲገባ እግራቸውን ይሰበስባሉ፤ ሲወጣ መልሰው ይዘረጋሉ። መብራት ጠፍቶ መጣ፤ እሳቸው አልተነሱም። በመጨረሻ ትዕግሥቴ አለቀና «ለምን እንደሆነ እንኳ ይንገሩኝ እንጂ!» ብዬ ጮኽሁ።

«አንች ልጅ፣ ጥሩዬ ቁማ አታውቅም» አሉ ቀስ ብለው። «ገበያ ስንወርድ ቀድማኝ ነው፤ ለቅሶ ስንሄድ ቀድማኝ ነው። ቆይኝ እያልሁ ከኋላዋ ኖርሁ። በሞቱም ቀደመችኝ። አሁን ቁማ ብትጻፍ ማን ጥሩወርቅ ናት ይላል?»

በሯጩ ጻፍሁት። ጠራቢውማ ደስ አለው፤ ቀጭን መስመር ስለሌለው ድንጋዩ አልተሸረፈበትም። እሱም አናደደኝ።

ዛሬ ስልኩን ሳልዘጋ ልጁን «ድንጋያቸው ከእናትህ በየት በኩል ነው የሚቆመው?» አልሁት።

«ፊት ለፊት ሲያዩት በግራ ነው። በቀኝም ቦታ ነበር፤ ግራውን የመረጡት እሳቸው ናቸው።»

ያ ፊደል የሚሮጠው ወደ ቀኝ ነው። ኮምፒውተሬን ከፍቼ እየተነጫነጭሁ ስማቸውን ጻፍሁ፤ እንባዬም መጣ። አይ አያ ውበቱ፣ አሁንም ከኋላዋ!