የደመወዝ ቀን፣ የፋብሪካው በር ላይ

በዝናብ የራሰ የጥጥ ብናኝና የማሽን ዘይት ተቀላቅሎ ሲሸተኝ፣ ጉለሌ፣ ከክር ፋብሪካው በር ፊት ለፊት የእናቴን ነጠላ ጫፍ ይዤ ወደቆምኩበት ጊዜ እመለሳለሁ።

አባቴ በዚያ ፋብሪካ ቋሚ ሠራተኛ ነበር። እናቴም እዚያው ትሠራ ነበር፣ ግን ጊዜያዊ ስለነበረች ሥራ ሲበዛ ይጠሯትና ሲቀንስ ያሰናብቷት ነበር። የደመወዝ ቀን ሲደርስ፣ የሠፈራችን ሚስቶች ባሎቻቸው በአረቄ ቤት በኩል እንዳይዞሩ በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰው ስለሆነ መጠጥ የሚባል አይቀምስም፤ እናቴ ግን ሥራ በሌላት ወር ከጎረቤቶቿ ጋር ቆማ መሳቁን ስለምትወድ ይዛኝ ትሄድ ነበር። ከዚያ አባቴ ብስኩት ይገዛልኝና ወደ ቤት እንመለሳለን።

አንድ ዓመት፣ ክረምቱ ሊገባ ሲል፣ አዳዲስ ማሽኖች መጡና ከአባቴ ክፍል ብዙ ወንዶች ተቀነሱ፤ እሱም አብሮ ወጣ። በዚያው ሳምንት ለአዲሱ የስፌት ክፍል ሴቶች ሲፈለጉ እናቴን በቋሚነት ጠሯት። ስንት ዓመት የተመኘችው ነገር ሲመጣ ቁጭ ብላ አለቀሰች።

«አንተ በወጣህበት በር እኔ ልግባ? ይቅርብኝ» አለችው።

አባቴ «እንዳሻሽ» ብሎ ፊቱን አዞረ። እናቴ ሥራውን ጀመረች፣ ግን ማታ ስትመለስ ስለ ዋለችበት ትንፍሽ ሳትል ጋዋኗን አውልቃ ጓዳ ትደብቀው ነበር። እሱም አይጠይቃትም። ራታችንን አንገታችንን ደፍተን እንበላ ነበር።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያ የቋሚነት ደመወዟን የምትቀበልበት ቀን ዝናቡ ከእንጦጦ በኩል አጥቁሮ መጣ። አባቴ ኮቱን ደርቦ ጥላውን አነሳና «ተነሽ፣ እንሂድ» አለኝ። በሩ ላይ ሚስቶቹ እንደ ድሮው ቆመዋል፤ ወንድ እሱ ብቻ ነበር። ሊጣላት የመጣ መስሎኝ የኮቱን ጫፍ ጨብጬ ያዝኩ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ሳቋ እየቀደማት፣

«ጋሽ በቀለ፣ ምነው? ሚስትዎ አረቄ ቤት እንዳትገባብዎ ነው?» አለችው።

ሴቶቹ አውካኩ። አባቴም ትንሽ ፈገግ ብሎ፣

«ደክሟት ነው የምትወጣው፤ ዝናብ እንዳይመታት ብዬ ነው» አላት።

እናቴ ስትወጣ አየችውና ባለችበት ደርቃ ቀረች። ከዚያ ጋዋኗን እንደለበሰች ከጥላው ሥር ገባች። መንገድ ላይ «እንዴት ነው፣ ማሽኑ አይከብድም?» ብሎ ጠየቃት፤ እሷም ያን ሁሉ ቀን ያፈነችውን ስትነግረው፣ ስትነግረው ቤት ደረስን። ብስኩቴን ያን ቀን የገዛችልኝ እሷ ነበረች።

ዛሬ እኔም የልብስ ፋብሪካ ሠራተኛ ነኝ። እኔ ባለሁበት ክፍል ከወንድ ሴት ይበዛል፤ ቋሚ የሚባለው ግን እየቀረ፣ ውላችን በየጊዜው ይታደሳል። ደመወዝ በባንክ ስለሚገባ በሩ ላይ ማንም ማንንም አይጠብቅም። ገንዘቤ ማንም ሳያየው እጄ መግባቱን አልጠላውም። ክረምት ሲሆን ግን ከሥራ ስወጣ ዓይኔ ከበሩ ማዶ ሰው ይፈልጋል። አባቴ ጉልበቱን ስለሚያመው እንደ ልቡ ከቤት አይወጣም፤ ሰማዩ ሲጠቁር ይደውልልኛል።

«ጥላ ይዘሻል?» ይለኛል።