የጨረቃዋ ዘበኛ ቀሚስ

ልብስ ሰፊዋ ያንን ሰማያዊ ቀሚስ ስትሰፋ፣ መርፌዋ ጨርቁን በወጋ ቁጥር እሷንም ወጋ የሚያደርጋት ነገር ነበረ። ቀሚሱ የታናሽ እኅቷ ነው። ታናሽየዋ፣ በቤት ስሟ ሚጢ፣ እንደ ተረት ሰው ለብሰው ፎቶ ከሚነሡ ወጣቶች ጋር ገጥማለች፤ ኮስፕሌይ ይሉታል። አሁን ደግሞ የስቱዲዮ ቀጠሮ ይዛ፣ የጨረቃን ዘበኛ ሆና ልትነሣ ነው።

የጨረቃ ዘበኛ የምትባለዋ ሴት በየትኛውም መጽሐፍ የለችም። ልጆች ሳሉ ሁለቱ እኅትማማቾች ብርድ ልብስ በወንበሮች ላይ ዘርግተው፣ ከሥሩ ተደብቀው የፈጠሯት ናት። መጥረጊያውን ጦር አድርጋ ጨረቃን ከሌባ የምትጠብቀው ታላቅየዋ ነበረች። ሚጢ ፈረስ ነበረች፤ እየዳኸች ታሽካካ ነበር። ታዲያ ያቺ ፈረስ አድጋ መጥታ፣ "እታለም፣ የጨረቃን ዘበኛ ልሆን ነው፤ ልብሱን ትሰፊልኛለሽ አይደል?" ስትላት፣ ልብስ ሰፊዋ ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። "እሰፋልሻለሁ" አለች እንጂ "እሷ እኮ እኔ ነኝ" አላለችም። በዚህ ዕድሜ እንዲህ ይባላል?

ዝግጅቱ ተጧጧፈ። የደረቱ ጥሩር ከስፖንጅ ተቆርጦ ብርማ ቀለም ተቀባ፤ ጦሩ ከመጋረጃ ዘንግ ተሠራ። ሚጢ ግን ለልክ ነይ ብትባል ዛሬ ነገ እያለች ቀረች። ልብስ ሰፊዋም ወገቡን በራሷ ወገብ፣ ትከሻውን በራሷ ትከሻ እየለካች፣ ከመስተዋት ፊት ቆማ ጨረሰችው። "ለጊዜው ነው፤ በኋላ አጠብበዋለሁ" ትል ነበር። አላጠበበችውም።

በቀጠሮው ዕለት ስቱዲዮው ውስጥ ጥቁር ጨርቅ ተወጥሮ፣ ጨረቃ እንዲመስል ትልቅ ክብ መብራት ተሰቅሎ ጠበቃቸው። ሚጢ ለብሳ ከመጋረጃው ጀርባ ብቅ አለች። ትከሻው ወርዶ ክንዷ ላይ ተኝቷል፤ ወገቡ ሌላ ሰው ያስገባል።

ፎቶ አንሺው ካሜራውን ዝቅ አደረገ። "የኔ እኅት፣ ይኼ ልብስ የማን ነው?"

"የእኔ ነዋ።"

"እኔ እንጃ፤ ልብሱ እንዳንቺ እርግጠኛ አይመስልም።"

ሚጢ እኅቷን ከላይ እስከ ታች አየቻት። "እታለም፣ በራስሽ ልክ ነው የሰፋሽው።"

"ልክ ስጪ ስልሽ የት ነበርሽ?"

"በይ እስኪ ልበሺው።"

"ተይ እባክሽ።"

"ልበሺው አልኩሽ።"

ለበሰችው። ልክክ አለ። ፎቶ አንሺው ለመብራት ሙከራ ብሎ ጦሩን አስያዛትና አንድ ጊዜ ብልጭ አደረገባት። ምስሉን በካሜራው ጀርባ ሲያዩት፣ ክቡ መብራት ከትከሻዋ በላይ ወጥቶ፣ እውነትም ጨረቃ ጠባቂ ያገኘች ይመስል ነበር። ሚጢ ዓይኗን ከምስሉ ነቅላ መሬት መሬት አየች። ያ ቅናት ያጠላበት የሚጢ ፊት ለልብስ ሰፊዋ እንግዳ አልነበረም፤ ስትሰፋ መስተዋቱ ውስጥ ያየችው የራሷ ፊት ነው። ደስ አላት። ደስ ማለቱ ወዲያው አሳፈራት እንጂ፣ መጀመሪያስ ደስ ብሏታል።

አወለቀችና መርፌና ክር ከቦርሳዋ አወጣች። ቀሚሱን ገልብጣ ለሚጢ አልብሳ፣ ጎንና ጎኑን በእጅ ስፌት ታጠብበው ጀመረች።

ሚጢ ቁልቁል አየቻት። "የተረፈውን ጨርቅ አትቆርጪውም እንዴ?"

"ወደ ውስጥ ይታጠፋል። ካሜራው አያየውም።"

"ከተቆረጠማ መልሶ አንቺን አይበቃሽም።"

ልብስ ሰፊዋ ክሩን በጥርሷ በጠሰች። "ቀጥ በይ፣ እንዳልወጋሽ።"

ስፌቱ ሲያልቅ ሚጢ ቀሚሱን በፊቱ ለብሳ፣ ጦሩን ተቀብላ ወደ ክቡ መብራት ሄደች። ግማሽ መንገድ ላይ ዞር አለች። "አንቺ ፎቶ የምትነሺ ቀን ግን ፈረስ የሚሆንልሽ ሌላ ሰው ፈልጊ።"

"እንዳንቺ የሚያሽካካ ከየት ይመጣል?" አለች ልብስ ሰፊዋ፣ መርፌዋን ኮሌታዋ ላይ እየሰካች።