የፋህሚ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን

የእስክንድርያ ባሕር የሚያበላው ዓሣ አጥማጆችን ብቻ ነው ያለ ማነው? ጎረቤቴን ኡስታ ወኒስንም ያበላል፤ የእጅ ባለሙያን እዚህ ኡስታ ነው የምንለው። ጨዋማው ነፋስ የአሮጌ ቴሌቪዥኖች ሆድ ውስጥ እየገባ ብረታቸውን ያዝጋል፤ ኡስታ ደግሞ እየከፈተ ያጸዳል። አጣሪን ገበያ ውስጥ፣ ከእኔ የአሮጌ ወንበር ሱቅ ጎን ያለው ሱቁ ከደጃፍ እስከ ጓዳ ቴሌቪዥን ብቻ ነው። ሸሚዙ ከታጠበ ስንት ጊዜው እንደሆነ እግዜር ይወቅ። የቴሌቪዥን ጽዳት ላይ ግን ቅዳሴ የሚቀድስ ነው የሚመስለው።

መጀመሪያ ሶኬቱን ይነቅላል። ነቅሎም አይነካም። «አሮጌ ቴሌቪዥን ሞቶም ይናከሳል» ይላል። ትልቁ የመስታወት ቱቦ ከተነቀለ በኋላም ኤሌክትሪክ አምቆ ስለሚይዝ፣ ከብረት አካሉ ጋር በታሰረ ሽቦ ሳያራግፈው ጣቱን ወደ ውስጥ አይልክም። ከዚያ ለስላሳ የሥዕል ብሩሽ ያነሣና አቧራውን እያባበለ ያወርዳል። የዛገ መገናኛ ሲያገኝ ጥጥ በአልኮል ነክሮ ጠረግ ያደርገዋል። ውስጡ የተሰኩት ትንንሽ የመስታወት አምፖሎች ላይ የታተመውን ቁጥር ግን በጨርቅ የነካ ሰው እናቱን የሰደበ ያህል ነው፤ ቁጥሩ በጣት ይለቃል፣ ከለቀቀ ደግሞ የትኛው የትኛው እንደሆነ የሚለይ የለም። ውኃማ አይወራም። አንድ ቀን ሻይ ይዤ ብገባ አባረረኝ። ሻዩን ግን በር ላይ ተቀብሎ ጠጣልኝ።

እንዲህ ያለው ጠንቃቃ ሰው ነው እንግዲህ ጉድ የሠራው።

የሰፈራችን አሮጊት ወይዘሮ፣ ሲት ኢንሻራህ፣ የሟች ባላቸውን የፋህሚን ቴሌቪዥን በጋሪ አስጭነው መጡ።

«ኡስታ፣ ዓርብ ሂክማት ትመጣለች፤ የፋህሚ እህት። ‹ወንድሜ ባለ ቀለም ቴሌቪዥን ኖሮት አያውቅም፣ ሲያታልላችሁ ነው› እያለች ስታሳጣው ነው የኖረችው። ባሌ በውሸታም ስም መቃብር ውስጥ አይተኛም። አብርቼ አሳያታለሁ!»

«ለመሆኑ ያገቡት ፋህሚን ነው ሂክማትን?»

«ሁለቱንም ነው። እሱ ሞተና እሷ ቀረችልኝ።»

ኡስታ ከፍቶ ሲያየው ቴሌቪዥኑ ጥቁርና ነጭ ነው። «ባለ ቀለም አሉኝ እኮ፣ ምስኪን» ብሎ ከእኔ ጋር ሳቀ። መስታወቱ ላይ የወየበ ላስቲክ ተለጥፏል። እኛ ደግሞ እዚህ አገር የአዲስ ዕቃ ላስቲክ አንልጥም፤ ሶፋው ከነላስቲኩ ያረጃል፣ ሪሞቱም ከነላስቲኩ ይሞታል። ስለዚህ ኡስታ ከሱቅ አብሮ የመጣ ላስቲክ መሰለው። ለመስታወቱ ፊት ብቻ የሚፈቅደውን ለብ ያለ ውኃ በጨርቅ እያስነካ፣ አንዲት ጭረት ሳይተው፣ ቀስ ብሎ ላጠው። ላስቲኩን ቆሻሻ ሰብሳቢው ወሰደው።

ሐሙስ ዕለት ሲት ኢንሻራህ መጡ። መስታወቱ ያበራል። ዜና አንባቢው ከግንባሩ እስከ ክራቫቱ አመድ መስሎ ተቀምጧል።

«ቀለሜስ?»

«ሲት፣ ይሄ ቴሌቪዥን ሲፈጠርም ጥቁርና ነጭ ነው።»

«ለእኔ ነው የምትነግረኝ? ፋህሚ ላስቲኩን ከወደብ አምጥቶ ሲለጥፈው ጫፉን የያዝኩለት እኔ ነኝ! ላስቲኩ ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች አረንጓዴ ነበር፤ ሰማዩ ሰማያዊ፣ ሣሩ አረንጓዴ ሆነ። ‹ከዛሬ ጀምሮ ባለ ቀለም ነው› አለ፤ ሕንፃው በሙሉ መጥቶ አየ። እኔ ቴሌቪዥኑን አጽዳ አልኩህ እንጂ ባሌን አጽዳ አልኩህ?»

ኡስታ ወኒስ ወንበር ፈልጎ ተቀመጠ። የአንዲት አምፖል ቁጥር ሳይፍቅ ዕድሜውን የፈጀ ሰው፣ የሟች ቃል ልጦ ጥሎ አረፈው። አሳዘነኝ፤ ሳቄም መጣ። ደግነቱ ሳቄን ዋጥኩት።

ተነሥቶ ወደ ከረሜላ ሱቅ ሮጠ። ሰማያዊና አረንጓዴ የከረሜላ መጠቅለያ ይዞ ተመለሰ። «ሙጫ መስታወቱን ይጎዳዋል» ብሎ በእርጥብ ጨርቅ እያለሰለሰ ሲለጥፍ እኔ ጫፉን ያዝኩለት። ይህን የሰማ ሰው ካለ ምላሴን እንደሚቆርጠው ማለልኝ።

ዓርብ ቴሌቪዥኑን ተሸክመን ሲት ኢንሻራህ ቤት አስቀመጥነው። ሂክማት በከዘራቸው እየተደገፉ ከደመንሁር ከተማ መጡና ፊት ለፊቱ ተቀመጡ። የዜና አንባቢው ግንባር ሰማያዊ፣ ክራቫቱ አረንጓዴ ሆኗል። ሂክማት ዓይናቸውን ሳይነቅሉ አዩት። ሲት ኢንሻራህ የቀሚሳቸውን ጫፍ ይጠመዝዛሉ።

«ይሄ የፋህሚ አይደለም» አሉ ሂክማት።

አለቀልን አልኩ በልቤ።

«የወንድሜ መሃሉ ላይ ቀይ ነበረው። የሰዎቹ ፊት ደም ነበረው። ቀዩን የት አደረሳችሁት?»

ሲት ኢንሻራህ የቀሚሳቸውን ጫፍ ለቀቁት። «ቀለም የለውም፣ ውሸታም ነው ስትዪ አልነበር እንዴ የኖርሽው?»

«እሱን ለማናደድ ነዋ! ሲናደድ ጆሮው ይቀላ አልነበር?» አሉና ሂክማት ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፈኑ። «አሁን ማንን ላናድድ?»

ኡስታ ወኒስ ቀይ ፍለጋ ኮቱን እንኳ ሳያነሣ ወጣ። ሲት ኢንሻራህ ወንበራቸውን ጎትተው ከሂክማት ጎን ተቀመጡና እጃቸውን ያዟቸው።

«እኔ አለሁልሽ አይደል» አሏቸው።