ወይዘሮ ሎሬታ ያልጻፉት ታሪክ

የመጀመሪያውን ቀን አረፈድኩ። ከምኖርበት ከስፕሪንግ ቫሊ ነድቼ መጥቼ ፓርክ የማደርግበት አጣሁ። ላብ በላብ ሆኜ ስገባ አሥራ አንድ ተማሪዎች ጸጥ ብለው ተቀምጠዋል። በፈረንጆቹ ዘጠናዎቹ አጋማሽ ላይ ነው። እስከዚያ ሳምንት ድረስ ሆቴል ውስጥ የጠዋት ሺፍት እሠራ ስለነበር፣ "ፕሮፌሰር" ሲሉኝ ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን አለ አልኩ።

ማዕረጌ ፓርት ታይም ኢንስትራክተር ነው። የተቀጠርኩበት የኮሌጅ ፕሮግራም የአካባቢውን በረሃ ነባር ሕዝብ ተወላጆች በመሬት ጥበቃ ያሠለጥናል። ምንጭ ይጠርጋሉ፣ የአገሬውን ዕፅዋት ዘር ይሰበስባሉ፣ የሠሩትን ደግሞ በሪፖርት ይጽፋሉ። መጻፉን የማስተምረው እኔ ነኝ። አዲስ አበባ ሁለተኛ ደረጃ ሳስተምር የለመድኩት ቀይ እስክሪብቶ እዚህም አይምርም ነበር።

በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት ወይዘሮ ሎሬታ ነበሩ፤ ወደ ስድሳ ይጠጋሉ። ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚንከባከቡት ምንጭ አለ። እዚያው ምንጭ ላይ የጥበቃ ቡድን መሪ ሊሆኑ ታጭተው፣ የቀራቸው የኔ ኮርስ ብቻ ነው። ከወደቁ ቦታው ምንጩን አይቶት ለማያውቅ ሰው ይሰጣል። የእንግሊዝኛው "ዩ" ለሁሉም አንድ ቢሆንም እኔ በሆዴ "እርስዎ" እያልኩ ነበር የማናግራቸው።

በሴፕቴምበር ትልቁን አሳይመንት ሰጠሁ። የምትጠብቁትን ቦታ የጥንት ታሪክ፣ ከአያቶቻችሁ እንደሰማችሁት ጻፉ አልኩ። ሌሎቹ ብልጦች ናቸው፤ አያቶቻቸውን ትተው ከላይብረሪ ያገኙትን አመጡ። ወይዘሮ ሎሬታ ግን ስማቸው ብቻ ያለበት ባዶ ወረቀት ሰጡኝ።

"ለምን አልጻፉም?"

"አሁን አይነገርም። እባቡ ገና አልተኛም።"

ሰነፍ ተማሪ ሰበብ አያጣም ብዬ ዜሮ ሰጠሁ። የኮርሱ ግማሽ ማርክ እሱ ነበር።

ቅዳሜ እኩለ ቀን ላይ የሰባት ዓመቷ ልጄ፣ "ማሚ፣ ስቶሪ ንገሪኝ፣ የጦጣዋን" አለችኝ።

"በጠራራ ፀሐይ ተረት? ድህነት ልትጠሪብን ነው እንዴ!" ብዬ ጮህኩባት።

ቃሉ ከአፌ እንደወጣ ክው አልኩ። እናቴ ያወረሰችኝን ቀን ተረት አይወራም የሚለውን ክልከላ ውቅያኖስ አሻግሬ አምጥቼ፣ የሴትየዋን ክልከላ ግን በዜሮ መታሁት! አፈርኩ።

ሰኞ ወይዘሮ ሎሬታን ከክፍል በፊት ጠብቄ ይቅርታ ጠየቅሁ፤ የኛንም ልማድ ነገርኳቸው። እስኪበቃቸው ሳቁ። የነሱ ታሪክ የሚነገረው እባብ በሚተኛበት በብርድ ወራት ብቻ እንደሆነም አስረዱኝ።

"ዜሮውን ሰርዣለሁ። ብርዱ ሲገባ ይጻፉልኝ" አልኩ፣ ችግሩን የፈታሁ መስሎኝ።

ራሳቸውን ነቀነቁ። "ልጄ፣ ወረቀት ወር አያውቅም። እኔ በብርድ ብጽፈው አንቺ በሙቀት ትከፍቺዋለሽ።"

እውነታቸውን ነው።

ነገሩን ለፕሮግራሙ ኃላፊዬ ነገርኩት፤ እሱ ግን በዚህ የሚረታ አይደለም። "ያልተጻፈውን ምን ብለሽ ልታርሚ ነው? ዲሴምበር ላይ ግሬድ ካልገባ ቦታው ያመልጣቸዋል" አለኝ። በኔ ጥያቄ የተነሳ አንዲት ሴት ዕድሜዋን የጠበቀችውን ምንጭ ልታጣ ነው።

እንዲያ ስብሰለሰል ከርሜ አንድ ቀን ከክፍል ስንወጣ፣ "እንግዲያው ለምን እንደማይጻፍ ይጻፉልኝ" አልኳቸው። ትንሽ አሰቡና፣ "እሱ ይጻፋል" አሉ።

ዘጠኝ ገጽ አመጡ። ማን እንደሚናገር፣ መቼ እንደሚነገር፣ ሰሚው ምን እንደሚጠበቅበት፤ እንዲሁም አንድ መንገደኛ የሰማውን ጽፎ ካሳተመ በኋላ ያን አንብቦ የጎረፈው ሰው ምንጩን እንዴት እንዳደፈረሰውና እሳቸው ስንት ዓመት እንደጠረጉት። ከታሪኩ ግን አንዲት መስመር የለችበትም። ሦስቴ አነበብኩት። ቀይ እስክሪብቶዬ ያገኘው ሁለት ኮማ ነው።

ኃላፊዬ ቆሞ ማንበብ ጀመረ፤ ሦስተኛው ገጽ ላይ ተቀመጠ። ሲጨርስ፣ "ኤ ስጪያቸው" አለኝ።

እፎይ! መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ብቻዬን እልል አልኩ። አጠገቤ ፓርክ ያደረገ ሰውዬ ደንግጦ በሩን ቆለፈ።

በጃንዋሪ ወይዘሮ ሎሬታ ሥራቸውን ጀመሩ። አጥንት የሚሰብር ብርድ በነበረበት ቀን ክፍሉን በሙሉ ምንጩ ዳር ሰበሰቡንና፣ "እስክሪብቶ ወደ ኪስ!" ብለው ታሪኩን ነገሩን። እጄ በብርድ ደንዝዞ ነበር፤ ግን እንዲያልቅ አልፈለግሁም።

ጽሑፍ የሚያስተምር ሰው የማይጻፈውንም መለየት አለበት። ከዚያ ወዲህ አሳይመንት ከማውጣቴ በፊት ተማሪዎቼን እጠይቃለሁ። ታሪኩስ ምን ነበር ለምትሉኝ፣ ከነድምፃቸው አስታውሰዋለሁ። ግን ይህን በየትኛው ወር እንደምታነቡት አላውቅም።