ሳይገባን ያነበብነው መጽሐፍ

ባለቤቴ መጽሐፍ ሲያነብልኝ አንድ ልማድ ነበረው። ገጹን ሲጨርስ ጣቱን በመስመሩ ላይ ያሳርፍና መነጽሩን ወደ ግንባሩ ሰቅሎ «ገባሽ?» ይለኛል። አንዳንዴ ይገባኛል፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን አይገባኝም። ያልገባኝን ቁጭ ብሎ ያስረዳኛል። መምህር ነዋ! በንጉሡ ዘመን ለትምህርት አሜሪካ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ ኦክላንድ ውስጥ ሥነ ጽሑፍ ሲያስተምር የሸበተ ሰው ነው። በዕድሜም በትምህርትም ብዙ ይበልጠኛል። እኔ በርክሌ ባለ አንድ ሆስፒታል የበሽተኞች ምግብ ክፍል ነበር የምሠራው።

ሲያነብ ድምፁን መስማት ደስ ይለኝ ነበር። ማብራሪያው ሲጀመር ግን ሐሳቤ ወደ ምድጃው ይሄዳል። ያልገባኝን ነገር መውደድ እንደሚቻል የነገረኝ ሰው አልነበረም። እሱም የሚያውቀው አይመስለኝም።

ጡረታ ከወጣ በኋላ ቅዳሜ ከሰዓት ጓደኞቹ ከሪችመንድና ከበርክሌ እየመጡ ሳሎናችን ውስጥ አንድ የአማርኛ ልቦለድ አብረው ማንበብ ጀመሩ። ወፍራም መጽሐፍ ነው። ታሪኩ ግን ይኸው ነው፤ አንድ ሰውዬ ቤቱን ሸጦ እስኪያስረክብ ድረስ ከክፍል ወደ ክፍል እየዞረ ያስባል። በቃ። ዐረፍተ ነገሩ ደግሞ እንደ ድሮ ሊቃውንት ንግግር ይጠማዘዛል። እኔ ሻይ አቅርቤ ስመለስ ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆም ብዬ እሰማ ነበር።

አንድ ቅዳሜ ድፍረት መጣብኝና «ሰውየው ሚስቱ የሞተችበት ይመስለኛል» አልኩ።

ሁሉም ዞር ብለው አዩኝ። ከመካከላቸው አንጋፋው፣ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ፣ በትሕትና «እህቴ፣ የት ገጽ ላይ ነው እሱ?» አሉኝ።

የት ገጽ ላይ እንደሆነ አላውቅም። «እንዲሁ መሰለኝ» አልኩ። ሳቁ። የክፋት ሳቅ አልነበረም። ባለቤቴም «በኋላ አስረዳሻለሁ» አለኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግን ሻዩን አስቀምጬ ስመለስ የወጥ ቤቱን በር ዘጋ፣ የዕቃ ማጠቢያውን ውኃ ከፈት ማድረግ ለመድኩ። ማንም ዝጊ አላለኝም። እንዲሁ ሆነ፣ እንዲሁም ዓመታት አለፉ።

በኋላ ስትሮክ መታው። ጠዋት አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ጫማውን ሲያስር ነበር። ሕይወቱ ተረፈ፤ ቃላቱ ግን ጠፉ። ዕድሜውን ሙሉ ያስተማረበት እንግሊዝኛ ጭራሹን ሄደ። ከአማርኛውም ቁርጥራጭ ነው የቀረው፤ እሱም ያለቦታው እየገባ። ንግግር እንዲመለስለት የምታሠራው ስፒች ቴራፒስት የቁልፍ ሥዕል ስታሳየው ልብ ብሎ አየና «ማክሰኞ» አለ። ትክክል እንዳልሆነ ያውቃል፤ ፊቱ ላይ ይታያል። ቴራፒስቷ አጫጭር ነገር ብቻ ንገሩት አለችን። ውኃ ትፈልጋለህ? እንተኛ? እንዲህ ያለ።

ሳን ሆዜ የምትኖረው ልጃችን ምክሩን እንደ ሕግ ያዘችው። እኔም ያዝኩት። ስንት ሺህ ገጽ ያነበበ ሰው በቤቱ ውስጥ እንደ ሕፃን ሁለት ሁለት ቃል ሲወረወርለት ይውላል። ጓደኞቹ መጀመሪያ ላይ ይመላለሱ ነበር፤ ከዚያ ምን ብለው እንደሚያጫውቱት ሲቸግራቸው እግራቸው እየሳሳ መጣ።

አንድ ዝናባማ ቀን ከሥራ ስመለስ ያንን ወፍራም መጽሐፍ ገልብጦ ይዞት አገኘሁት። ገጹን በመዳፉ ይመታዋል፣ ያቃስታል። ልወስድበት ብዬ ስይዘው አልለቅም አለኝ። ምን ላድርግ? አጠገቡ ተቀመጥኩና መጽሐፉን አቅንቼ፣ የተከፈተበትን ገጽ ድምፄን ከፍ አድርጌ ማንበብ ጀመርኩ።

ዝም አለ። ትከሻው ወረደ። ትንሽ ቆይቶ ጣቱ ጉልበቱ ላይ ቀስ እያለ ይመታ ጀመር፤ ዐረፍተ ነገሩ ሲረዝም ይጠብቃል፣ ሲያልቅ ያርፋል። እኔ ከማነበው አንድም ነገር አልገባኝም። አንዲት ቦታ ላይ ስደርስ ግን ሳቀ። መስመሯ «በሩ በሰውየው ላይ አልተዘጋም፤ ሰውየው በበሩ ላይ ተዘጋ እንጂ» ትላለች። ምኑ ያስቃል ብዬ ደገምኩት። አሁንም ሳቀ። ሦስተኛ ስደግመው እኔም አብሬው ሳቅኩ። ከታመመ ወዲህ አብረን የሳቅነው ያን ቀን ነው የመጀመሪያው።

ከዚያ ወዲያ ከሥራ ስገባ ካፖርቴን ሳላወልቅ መጽሐፉን ይጠቁመኛል። የሚጠይቀኝ የለም፣ የማስረዳው የለኝም። ቃሉ እየመጣ ያልፋል፣ እኛ እንሰማዋለን። ከተጋባን ጀምሮ እንደዚያ ጎን ለጎን የተቀመጥንበት ጊዜ ትዝ አይለኝም።

ልጃችን አንድ እሑድ መጥታ ሳነብለት አገኘችን።

«ማሚ፣ አይገባውም እኮ» አለችኝ። «ሾርት ሴንተንስ ነው የተባለው። ኮንፊውዝ ታደርጊዋለሽ።»

«እኔስ መች ገባኝ?» አልኳት።

«ታዲያ ለምን ታነቢያለሽ?»

«አባትሽን እይው።»

አየችው። ዓይኑን ከድኖ፣ ጣቱን አንስቶ የሚቀጥለውን መስመር እየጠበቀ ነው። ስልኳን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ምንጣፉ ላይ ተቀመጠች። የእሷ አማርኛ የቤት አማርኛ ነው፤ ብይ፣ ጠጪ፣ ተኚ ይገባታል፣ የምትመልሰውም እንግሊዝኛ እየቀላቀለች ነው። እንደዚያም ሆና እስክጨርስ አልተነሳችም። በመጨረሻ «ቆንጆ ነው» አለች። «ምን ማለት ነው ግን?»

«አላውቅም» አልኳት። ሦስታችንም ደስ ብሎን ነበር።

መጽሐፉን ግን አልጨረስነውም። በዓመቱ ስትሮኩ ዳግመኛ መታውና እኔ ብቻዬን ላነሳው የማልችለው ሆነ። ልጃችን ሳን ሆዜ ቤቷ አጠገብ አንድ የመጦሪያ ቤት አገኘችለት። እኔ ሥራዬን ትቼ መሄድ ስላልቻልኩ በባቡር እስከ ፍሪሞንት፣ ከዚያ በአውቶቡስ እመላለስ ነበር። ስደርስ ደክሞኛል። ክፍሉን የሚጋሩት ሽማግሌ ጆሯቸው ስለማይሰማ ቴሌቪዥናቸውን እስከ ላይ ይለቁታል። ከዚያ ጋር እየታገልኩ ግማሽ ገጽ ሳነብ እሱ እንቅልፍ ይወስደዋል። ሞቱም እንደዚያው ሆነ፤ እኔ ኦክላንድ፣ እሱ ሳን ሆዜ።

ለቅሶ ሊደርሱ ከመጡት መካከል እኚያ መሐንዲስ ነበሩ። ሰው ቀለል ሲል መጽሐፉን አመጣሁና የበሩን መስመር አሳየኋቸው። «ጋሼ፣ ይቺ ምን ማለት ናት?»

ሳያነቡ አወቋት። «ሰውየው ከቤቱ መውጣት አቅቶታል» አሉኝ። «በሩ ክፍት ነው፣ የከለከለው የለም። የተዘጋው እሱ ራሱ ነው። እንዲህ አድርጎ የፈታልን ባለቤትሽ ነው። ያን ቅዳሜ ሲነግረን እንባው መጥቶ፣ ንባቡን አቋርጠን ነው የወጣነው። አልነበርሽም እንዴ?»

ነበርኩ። ወጥ ቤት ውስጥ ነበርኩ፣ ውኃው ይወርዳል።

ከሄዱ በኋላ መስመሯን ደግሜ አነበብኳት። ገባችኝ። ግልጥ ብላ ገባችኝ፤ ሳቁ ግን አልመጣም። ሲገባው ያለቀሰባትን፣ ሳይገባው ሳቀባት? ወይስ ያኔም ገብቶት ነው፣ ሌላ ነገር አይቶባት? መልስ መስጠት በሚችልበት ዘመን እሱ የሚጠይቀኝ ገባሽ ወይ እያለ ነበር፤ እኔ ደስ አለህ ወይ ብዬው አላውቅም። እሱም እኔን አላለኝም። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ቤት ስንኖር መጽሐፍ አብሮ ለመስማት መታመም ነበረበት።

የቀረውን ምዕራፍ ከተማችን መካከል ባለው ሐይቅ ዳር አግዳሚ ላይ ተቀምጬ በዓይኔ ጨረስኩት። አሁን አነባበቡን ለምጄዋለሁ፤ አብዛኛው ይገባኛል። ጥሩ መጽሐፍ ነው።

ልጄ ስትደውል መጨረሴን ነገርኳት።

«እና? መጨረሻው እንዴት ነው?»

«ቤቱን አስረከበ።»

«ዛትስ ኢት?»

«በቃ።»

«እሑድ ስመጣ አንብቢልኝ፣ ማሚ። ኤክስፕሌን አታድርጊልኝ፣ ዝም ብለሽ አንብቢው» አለች።

እሺ አልኳት። እሑድ መጣች፤ ምሳ በላን፣ ስለ ሥራዋና ስለ ቤት ኪራይ አወራን፣ መንገዱ ሳይጨናነቅ ልሂድ ብላ ተነሳች። መጽሐፉን እሷም አላነሳችም፣ እኔም አላነሳሁም። ከዚያ በኋላም ብዙ እሑድ መጥታለች።