ስሙ የተጠራ መድኃኒት

ከባለቤቴ ከይኄይስ ጋር መጨረሻ ያደረግነው ነገር የዱባ ፍሬ መፈልፈል ነበር። ፀዳ ባለው ቤታችን በረንዳ ላይ የጠዋት ፀሐይ እየሞቅን ሰፌዱን በመካከላችን አስቀምጠን ነበር። እኔ በጥርሴ እሰነጥቃለሁ፤ እሱ ጥርስ ስላልቀረለት በጥፍሩ ይታገላል። ፍሬው ያመልጠውና መሬት ይወድቃል፣ ዶሮዎቹ ይሻሙበታል።

«የምትፈለፍለው ለዶሮዎቹ ነው እንጂ ለራስህ አይደለም» አልሁት።

«ዶሮዎቹስ አያረጁም?» አለኝ። ከዚያ ሽንቱ መጣበትና ከዘራውን ይዞ ተነሣ። በዚያው ሳምንት ልቡ ቀጥ አለና ሄደ።

በልቅሶው ላይ ከወገራ የመጣች አንዲት ዘመዱ ከኋላዬ ተቀምጣ «የአባቱ ግዝት ነው ያገኘው» ስትል ሰማኋት። ሰማንያ ዓመት አልፎት፣ ልጆቹን ድሮ፣ የልጅ ልጁን አቅፎ ለሞተ ሰው ግዝት አገኘው ይባላል? ያን ቀን ማልቀሱ በለጠብኝ። አሁን ግን ቀስ እያልሁ ልጻፈው።

ነገሩ የሆነው በንጉሡ ጊዜ፣ እኔ ገና ያልታጨሁ ልጅ ሳለሁ ነው። አባቴ ቄስ ዓለሙ ጎንደር ከተማ ውስጥ በአንድ ደብር ቀዳሽ ነበሩ። ቅዳሴ የገባ ቄስ እስኪያልቅ አይወጣም፤ ሥርዓቱ ነው። አባቴን ደግሞ ሽንት ያጣድፋቸው ጀመር። ያጣድፋቸዋል፣ ሲሄዱ ግን ጠብ ጠብ ብሎ ይቀራል፤ ተመልሰው አረፍ ሳይሉ እንደገና ይጠራቸዋል። እንዳይመጣባቸው ብለው ውኃ መጠጣት ተዉ። ከንፈራቸው ተሰነጣጠቀ እንጂ ሽንቱ አልተዋቸውም። ክረምቱ ሊወጣ ሲል አንድ እሑድ ከቅዳሴው መካከል ልብሰ ተክህኖ እንደለበሱ ሮጠው ወጡ። የደብሩ አለቃ «ለጥቂት ጊዜ ይረፉ» አሏቸው። የቄስ ቤት ልጅ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። በኅዳር የደብራችን ንግሥ ነበር፤ ያን ቀን ሳይቀድሱ ከቀሩ ቦታቸው ለሌላ እንደሚሰጥ ሁላችንም ገብቶናል።

ወገራ፣ አምባ ጊዮርጊስ ላይ አያ ደምሌ የሚባሉ መድኃኒት አዋቂ ነበሩ። መስከረም ላይ አባቴን ይዤ በጭነት ማኪና ወጣን። ሜዳው ሁሉ አደይ አበባ ነው፤ አባቴ ግን አላዩትም። ማኪናው በነጠረ ቁጥር ጥርሳቸውን ይነክሳሉ። «ሹፌር፣ ባክህ አቁምልን» ባልሁ ጊዜ ሁሉ ተሳፋሪው ይስቃል። አንዱ ነገረኛ «ተዋቸው፣ ወገራን ሊያጠምቁ ነው!» አለ። አባቴ ጋቢያቸውን እስከ ዓይናቸው ሳቡት።

አያ ደምሌ በማር የተለወሰ ዱቄት ሰጧቸው። ምን እንደሆነ አልነገሩንም። መድኃኒት ስሙ ከተጠራ ይሞታል ይባላል፤ ምስጢሩን የሚወርሰውም የበኩር ልጅ ብቻ ነው። ዱቄቱ ለአባቴ ፋታ ሰጣቸው፣ ግን ጥቅምት ሳይጋመስ አለቀ። «ዳግመኛ የማኪና ሙሉ ሰው መሣቂያ ከምሆን ቤቴ ልሙት» አሉ። ስለዚህ ብቻዬን ሄድሁ።

ገብስ እየተወቃ ነበር። የወገራ ብርድ ፀሐይ ላይ ቆመውም ይቆነጥጣል። አያ ደምሌ አውድማው ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል፤ የበኩር ልጃቸው መንሽ ይዞ ከበሬዎቹ ኋላ ይዞራል።

«አያ ደምሌ፣ አባቴ መንገዱን አልቻሉትም። ለእኔ ይስጡኝ።»

«መድኃኒት በሴት እጅ አይሻገርም።»

«ምነው? እጄ ምን አለበት?»

«ይረክሳል። ባለበሽታው ራሱ ይምጣ።»

«እንግዲያው ስሙን ይንገሩኝ። እዚያው ፈልጌ አገኘዋለሁ።»

ሳቁብኝ። «ይች ደፋር! አባትሽስ ታቦቱን አውጥተው ያሳዩሻል?»

እንባዬ ሲመጣ እብቅ የገባብኝ አስመስዬ በነጠላዬ ጠረግሁት። ዞሬ መሄድ ስጀምር ልጁ መንሹን መሬት ላይ ተከለና እንደ አዋጅ ነጋሪ ጮኸ።

«ሳማ ነው! የሳማ ሥር፣ የዱባ ፍሬ፣ የጥቁር እንጨት ልጥ! ሌላ የለውም!»

በሬዎቹ እንኳ የቆሙ መሰለኝ። ሳማ? አጥራችን ሥር የበቀለው፣ ዕለት ዕለት እግሬን የሚለበልበኝ? የዱባውን ፍሬማ ለዶሮ ነበር የምንደፋው!

አያ ደምሌ ከድንጋዩ ተነሡ። «ገደልኸው! ስሙን ጠርተህ ገደልኸው!»

«አያቴ የእናቴን የዓይን መድኃኒት ስሙን ሳይናገር ይዞት ተቀበረ» አለ ልጁ። «ይኸው እናቴ በዳበሳ ትሄዳለች። ታዲያ የገደለው ማን ነው?»

«ግዝት ይሁንብህ! ይኸው ደዌ ራስህን ያግኝህ!» አሉት። ልጁ ይኄይስ ነበር። ያን ቀን ከአባቱ ቤት ወጣ።

እኔ ተመልሼ ሳማውን ቆፈርሁ። እጄ እስከ ክርኔ ተለበለበ። ሥሩን አድርቄ ወቀጥሁ፣ ፍሬውን ቆላሁ፣ ልጡን ከከተማው በላይ ዱር ውስጥ ካለ ጥቁር እንጨት ከሚባል ዛፍ አምጥቼ ቀቀልሁ። ምሬቱ አይነገርም። አባቴ አንድ ጊዜ ተጎንጭተው «ከዚህስ ሽንቱ ይሻላል» አሉ፤ ከታመሙ ወዲህ ሲቀልዱ የሰማሁት ያኔ ነው። ፈጽመው ዳኑ አልልም። ሌሊት መነሣቱ አልቀረላቸውም፤ መጣደፉ ግን ረገብ አለ። በንግሡ ቀን መቅደስ ገቡ። እኔ በሴቶች በኩል ቆሜ ዓይኔን ከመጋረጃው አልነቀልሁም፤ መጋረጃው በተንቀሳቀሰ ቁጥር በእግሬ ጣት እቆማለሁ። አባቴ አልወጡም። ሕዝቡ ከተሰናበተ በኋላ መስቀላቸውን ይዘው፣ ቀስ ብለው፣ ከሁሉ ኋላ ወጡ።

ከዚያ የሆነው እስካሁን ያስቀኛል። የደብሩ ሽማግሌዎች በየተራ ቤታችን ይመጡ ጀመር፤ አንዱ የዱባ ዘር ፈልጎ፣ ሌላው «አጥራችሁን ላርምላችሁ» ብሎ። አለቃውም ራሳቸው መጡ። ለካ ሁሉም ተደብቆ ሲሠቃይ ኖሯል! አባቴ በሹክሹክታ ሊነግሯቸው ሲሉ እኔ ከጓዳ «ሳማ ነው! ሳማ!» እያልሁ እጮኻለሁ። ዐቢይ ጾም ሲገባ አጥራችን ሥር አንድ ሳማ አልተረፈም።

ይኄይስ ጎንደር ወርዶ ቤታችንን ጠይቆ መጣ። አባቴ ታሪኩን ሲሰሙ «ለሸጋ ሥራ ግዝት አይደርስም፤ እግዚአብሔር ይፍታህ» ብለው በመስቀላቸው ባረኩት። በዓመቱ ተጋባን።

ሲያረጅ ያው በሽታ ያዘው፤ እውነት ነው። ሐኪሙ ፕሮስቴት የምትባል ዕጢ አብጣ ነው፣ ዕድሜ ያገኘ ወንድ ብዙው ይህ አይቀርለትም አለን። ይኄይስ ኪኒኑንም ዋጠ፣ ሳማውንም ጠጣ፤ ከሐኪሙም አልደበቅንም። ይህ ግዝት ከሆነ የጎንደር ሽማግሌ ሁሉ ተገዝቷል።

ከቀብሩ በኋላ አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን ወደ ጆሮዬ ጎንበስ ብለው «ይኄይስ ለዚያ ነገር... ምን ነበር የሚወስድ?» አሉኝ። መጀመሪያ ሐኪም ቤት እንዲሄዱ ነገርኋቸው። ከዚያ ያች ዘመዱ እንድትሰማ ድምፄን ከፍ አድርጌ የሦስቱንም ስም ጠራሁ።

አሁን ጠዋት ጠዋት በረንዳው ላይ ተቀምጬ ለእኒያ ሽማግሌ ጎረቤቴ የዱባ ፍሬ እፈለፍላለሁ።