የሎቪና ቡናማ ዳቦ

አቪስ ቶዚየር ከሳንባ ሕመሟ ከተነሣች በኋላ ምግብ አልበላ አላት። ሐኪሙ፣ «ሳንባሽ ድኗል፤ የቀረሽ መብላት ነው» ብሎ አሰናበታት። እሷ ግን ሾርባውንም ዓሣውንም በማንኪያ ገፋ ገፋ አድርጋ ትተወዋለች። ሹራቧ ከትከሻዋ ላይ የተንጠለጠለ መሰለ። በሌላ ቤት የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ መርተን እየመጣ ሲያያት ጨነቀው።

«ምን አማረሽ? ንገሪኝና ላምጣልሽ» አላት አንድ ቀን።

በመስኮቱ በረዶውን እያየች፣ «የእማማን ቡናማ ዳቦ» አለችው።

እናታቸው ሎቪና ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏታል።

መርተን ሰባ አራት ዓመቱ ነው። አሜሪካ ውስጥ ሜን በምትባለው ግዛት፣ በአንዲት ከተማ አርባ ዓመት የጉድጓድ ፓምፕ ሲጠግን ኖሯል። ጥሩ ፓምፕ ጠጋኝ ሁለት ነገር ባንድ ጊዜ አይነካም፤ ሁለት ብሎን አጥብቆ ውኃው ቢመጣ የትኛው እንዳመጣው አያውቅማ። ዳቦውንም በዚሁ መንገድ ያዘው።

የእናቱ ወረቀት በእጁ ነበር። አንድ ኩባያ የበቆሎ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ያልተነፋ የስንዴ ዱቄት፣ አንድ ኩባያ ራይ የሚሉት የብርድ አገር እህል ዱቄት፣ ሁለት ኩባያ አሬራ፣ ሦስት ሩብ ኩባያ ጥቁር የሸንኮራ ሞላሰስ፣ የመጋገሪያ ሶዳና ጨው። አሠራሩ ደስ ይላል፤ ዳቦው እሳትን በቀጥታ አያያትም። እንደ ወፈረ አጥሚት የሆነው ሊጥ ቅቤ በተቀባ የቡና ጣሳ ውስጥ ይፈስሳል፤ እስከ ሁለት ሦስተኛው ብቻ፣ ምክንያቱም ኩፍ ይላል። የጣሳው አፍ ተሸፍኖ በሲባጎ ይታሰራል። ከዚያ ጣሳው ወገቡ ድረስ የፈላ ውኃ በያዘ ድስት ውስጥ ቆሞ፣ ድስቱ ተከድኖ፣ ሦስት ሰዓት በእንፋሎት ይበስላል። ውኃው ሲያንስ የፈላ ይጨመርበታል። ቀዝቃዛ የጨመረ ሰው መሐሉ ጥሬ የሆነ ዳቦ ይበላል፤ መርተን ይህን አንድ ጊዜ በልቶ ተምሯል።

በመጀመሪያው ቅዳሜ በእሷ ወጥ ቤት ዳቦውን ሠርቶ፣ እንደ አገሩ የቅዳሜ ልማድ ከቦሎቄ ጋር አቀረበላት። እርጥብ ዳቦ ቢላ ላይ ስለሚጣበቅ፣ አቪስ እንደ ልማዱ ሲባጎ ጠምጥማ ስባ ቆረጠችው። ሁለት ጊዜ ጎረሰችና ሳህኑን ገፋችው።

«እ?» አላት።

«ዳቦ ነው።»

«ቡናማ ነው አይደል?»

«ጫማም ቡናማ ነው» አለች። ሠላሳ ዓመት ጫማ ፋብሪካ ሠርታለች።

«ምን ጎደለው ታዲያ?»

«ባውቅማ እነግርህ ነበር። ብቻ ከጣዕሙ ኋላ ምንም የለም።»

በሁለተኛው ቅዳሜ ሞላሰሱን ብቻ ለወጠ። በሦስተኛው ራዩን፣ በአራተኛው አሬራውን። አቪስ በየሳምንቱ ሁለት ጉርሻ ጎርሳ ሳህኑን ትገፋለች፤ ትራፊው በእሷ የዳቦ ሳጥን ውስጥ ይደርቃል፤ እሷም አብራው የምትደርቅ መሰለው።

በመጨረሻ መርተን አንድ ነገር ትዝ አለው። የፓምፕ ባለቤት «ምኑ ተበላሸ?» ቢሉት አያውቅም። «ትናንት ምን ስትሠራ ነበር?» ቢሉት ግን ሁሉንም ይዘረግፈዋል። ምላስ የረሳውን እጅ ያስታውሳል።

«አቪስ፣ ልጅ ሳለሽ ቅዳሜ ጠዋት ያንቺ ሥራ ምን ነበር?»

«የኔ? ዶሮዎቹን እለቃለሁ፣ እንጨት አስገባለሁ፣ ቅርፊቱን እዘፈዝፋለሁ...»

«የምን ቅርፊት?»

«ያለፈው ሳምንት ዳቦ ነዋ! የደረቀውን ባሬራው ዘፍዝፌ፣ በእጄ አፍርሼ ለእማማ አቀብላታለሁ። ዱቄቱ ከዚያ በኋላ ነው።»

«ወረቀቱ ላይ የለም እኮ!»

«ለምን ይኖራል? ወረቀት ላይ የሚጻፈው ከሱቅ የሚመጣው ነው። ቅርፊት ቤት ያለ ነገር ነው፤ ማን ይጥለዋል? አንተ ልጅ፣ ድሮም ከተቆረጠ በኋላ ነበር የምትደርሰው።»

መርተን ቁጭ አለ። የሚያስደንቀው ይኼ ነው፦ እያንዳንዱ ዳቦ ያለፈውን በሆዱ ይዞ ነበር፤ ያለፈውም ከእሱ በፊት የነበረውን። የደረቀውና ሁለተኛ የበሰለው ቅርፊት ጥቁረቱንና ጥልቀቱን ይሰጠዋል። እንግዲያው የማንም ሰው የመጀመሪያ ዳቦ የሎቪና ዳቦ ሊሆን አይችልም።

በሳጥኑ ውስጥ የደረቀውን ትራፊ ዘፍዝፎ ጋገረ። አቪስ አንድ ቁራጭ ጨረሰች። «መጣ መጣ እያለ ነው» አለች። በተከታዩ ቅዳሜ ሁለት ቁራጭ በቅቤ በላች። ከዚያም አንድ ማክሰኞ መርተን ቅርፊቱን ሊያይ ሳጥኑን ቢከፍት ባዶ ሆነበት።

«አቪስ! ቅርፊቱስ?»

«በላሁታ።»

«ለቅዳሜ እኮ ነበር!»

«ብዪ ብዪ ስትለኝ አልነበር? በላሁ።»

ሊቆጣ ሲል ሞላ ያለ ጉንጯን አየና ተወው። ግን ሰንሰለቱ ተበጥሷል፤ ሥራው እንደገና ከዜሮ ሊጀመር ነው።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ድስቱ ውስጥ ሁለት ጣሳዎች ጎን ለጎን ቆመዋል፤ አንዱ ለእሷ፣ አንዱ መርተን ወደ ቤቱ ወስዶ ሊያደርቀው። አቪስ ወጥ ቤቱ በር ላይ ቆማ ታያቸዋለች።

«ሁለተኛው ለማን ነው?»

«ለሚመጣው ቅዳሜ። እንዳትነኪው።»

«እናያለን» አለች።

መርተን የፈላውን ማንቆርቆሪያ አንሥቶ፣ ክዳኑን በትንሹ ገለጥ አድርጎ፣ በድስቱ ጥግ በኩል ቀስ ብሎ ውኃ ይጨምራል።